በስያሜ የወጣ ምስጢር፦ የፍሎ የወር አበባ መከታተያ ጉዳይ

ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2019 ዎል ስትሪት ጆርናል ከ70 በላይ የስልክ መተግበሪያዎችን መርምሮ፣ ቢያንስ 11 የሚሆኑት ተጠቃሚው ለራሱ ብሎ የመዘገበውን ጉዳይ ለፌስቡክ እንደሚልኩ ዘገበ። (በተለየ ካልተጠቀሰ በስተቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) ከእነዚህ መተግበሪያዎች አንዱ ፍሎ የተባለው የወር አበባና የእርግዝና መከታተያ ነበር። አንዲት ሴት የወር አበባዬ መጣ ብላ ስትመዘግብ፣ ወይም ማርገዝ እፈልጋለሁ የሚለውን ምርጫ ስትነካ፣ ወሬው እጇ ላይ ካለው ስልክ ተነሥቶ ፌስቡክ ዘንድ ይደርስ ነበር። ጋዜጠኞቹ ይህን ለማወቅ የውስጥ ሰው ማባበል አላስፈለጋቸውም፤ ከስልኩ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣውን መልእክት የሚያሳይ ሶፍትዌር ተጠቅመው ምን እንደሚወጣ አነበቡ።

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ሰርቨር የሰበረ ሌባ የለም። የተሰረቀ የይለፍ ቃልም ሆነ ጥቁር ገበያ ላይ የተቸበቸበ የስም ዝርዝር የለም። መረጃው የወጣው ባለቤቱ ራሱ በሠራው በር ነው። እንዲያውም ጠጋ ብሎ ለመረመረው፣ ምስጢሩን ያወጣው መረጃው ራሱ ሳይሆን ፕሮግራመሮቹ ለመረጃው ያወጡለት ስም ነበር። የጉዳዩ ዋና ትምህርት ያለው በዚህች ትንሽ ነገር ላይ ነው ብዬ ስለማምን፣ ከሕጉ ክርክር በፊት እዚያው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ።

የቀኖች ዝርዝር ምን ይናገራል

ፍሎ ሄልዝ በ2015 በቤላሩስ ተወላጆች የተመሠረተ ኩባንያ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በኋላ ባቀረበው ክስ እንደገለጸው፣ መተግበሪያውን ከ2016 ጀምሮ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተጠቅመውበታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ተጠቃሚዋ መተግበሪያውን እንደከፈተች ጥያቄ ይቀርብላታል፦ ዓላማሽ ምንድን ነው፣ ዑደትሽን መከታተል ነው ወይስ ማርገዝ? የመጨረሻው የወር አበባሽ መቼ ጀመረ? ስንት ቀን ይቆያል? ከዚያ በኋላ በየዕለቱ የሕመም ስሜትን፣ የግንኙነት ቀንን፣ የሙቀት መጠንን፣ የስሜት መለዋወጥን መመዝገብ ትችላለች፤ መተግበሪያውም በምላሹ ቀጣዩ የወር አበባ የሚመጣበትንና እንቁላል የሚለቀቅበትን ቀን ይገምትላታል።

ይህ መዝገብ ላይ ላዩን ሲታይ የቀኖች ዝርዝር ነው። ነገር ግን በየ28 ቀኑ ይመጣላት የነበረች ሴት በ45ኛው ቀን ምንም ካልመዘገበች፣ መዝገቡን የሚያይ ሰው ከገዛ እናቷ ቀድሞ እርግዝናን ይጠረጥራል። ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ የወር አበባ እንደገና ከታየ ደግሞ፣ ጽንሱ ወርዷል ወይም ተቋርጧል ብሎ ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። በእኛ አገር የነገሩን ክብደት ማስረዳት ትርፍ ነው፤ ቅዳሴውን በአጸዱ ቆማ የምትከታተል፣ ወይም በረመዳን ቀን ውኃ ለመጠጣት ጓዳ የምትገባ ሴት ምክንያቷ ለአላፊ አግዳሚው እንዳይታወቅ ምን ያህል እንደምትጠነቀቅ አንባቢ ያውቃል። ለማስታወቂያ ገበያ ደግሞ እርግዝና ሌላ ትርጉም አለው፤ አንድ ቤተሰብ የሚገዛውን ዕቃ፣ የሚሸምትበትን ሱቅ፣ አልፎ አልፎም የሚኖርበትን ቤት የሚለውጥበት ወቅት በመሆኑ፣ ይህን ቀድሞ ያወቀ ሻጭ ከሌሎቹ አንድ እርምጃ ይቀድማል።

ስያሜው

ማንኛውም መተግበሪያ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ በአንድ እጅ አይጻፍም። ፕሮግራመሮች ኤስዲኬ የሚሉት፣ ሌላ ኩባንያ አዘጋጅቶ በነፃ የሚያቀርበው የኮድ ጥቅል አለ። የፌስቡክን ጥቅል ወስዶ መተግበሪያው ውስጥ የከተተ ገንቢ ስንት ሰው እንደገባ፣ የትኛው ገጽ ላይ ተሰላችቶ እንደወጣ፣ ከየትኛው ማስታወቂያ እንደመጣ የሚያሳይ ሰንጠረዥ በነፃ ያገኛል። ለነፃው አገልግሎት የሚከፈለው ዋጋ፣ ሰንጠረዡ የሚሠራው ፌስቡክ ቤት መሆኑ ነው፤ ቁጥሩ እዚያ ሄዶ፣ ተቆጥሮ፣ ተመልሶ ይመጣል።

እያንዳንዱ የሚቆጠር ድርጊት ኢቨንት ይባላል። መተግበሪያው ተከፈተ፣ ዕቃ ተገዛ፣ ምዝገባ ተጠናቀቀ የሚሉት በሁሉም ዘንድ የሚሠሩ መደበኛ ኢቨንቶች ናቸው። ከእነዚህ ውጭ ገንቢው የራሱን ኢቨንት ሠርቶ የፈለገውን ስም ሊያወጣለት ይችላል፤ የፍሎ ፕሮግራመሮችም ያደረጉት ይህንን ነው። ስም ያወጡትም ጥሩ ፕሮግራመር እንደሚያወጣው፣ ማለትም ግልጽ አድርገው፣ ነገ ሌላ ባልደረባ ሲያነበው ወዲያው እንዲገባው አድርገው ነበር። ተጠቃሚዋ ስንተኛ የእርግዝና ሳምንት ላይ እንዳለች ስትመርጥ የሚቀሰቀሰው ኢቨንት «አር ፕሬግናንሲ ዊክ ቾዝን» ይባል ነበር፤ የእርግዝና ሳምንት ተመረጠ ማለት ነው። ማርገዝ ለሚፈልጉ በተዘጋጀው ክፍል ውስጥ የወር አበባ ማስታወሻ እንዲላክላት ስትፈቅድ ደግሞ «ፒ አክሴፕት ፑሺዝ ፒሪየድ» የሚል ኢቨንት ይመዘገብ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሳምንቱ ስምንተኛ ይሁን ሃያኛ ባይላክ እንኳ፣ ስያሜው ብቻውን ሴትዮዋ ነፍሰ ጡር መሆኗን ይናገራል። የውስጡን ደብዳቤ ባይከፍቱትም ፖስታው ላይ የተጻፈው ጉዳዩን ያወጣዋል። ኩባንያው የሕክምና መረጃውን በራሱ ዳታቤዝ ውስጥ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢቆልፈው፣ የመረጃው ርእስ ግን በየደቂቃው በሌላ በር ይወጣ ነበር። መልእክቱ በመንገድ ላይ ሲጓዝ መመስጠሩም ዋጋ የለውም፤ ምስጠራ የሚከላከለው መንገድ ላይ የሚጠብቀውን ሰው ነው፣ ተቀባዩ ግን ከፍቶ ሊያነብ የተፈቀደለት ወገን ነው።

ከስያሜው ጋር ደግሞ አንድ መለያ ቁጥር ይጓዛል። ይህ እያንዳንዱ ስልክ ለማስታወቂያ ሥራ የሚይዘው ቁጥር ሲሆን፣ በዚያው ስልክ ላይ ያሉ ሌሎች መተግበሪያዎችም ስለሚጠቀሙበት፣ በአንዱ መተግበሪያ ውስጥ የተደረገውን በሌላው ውስጥ ከተደረገው ጋር ለማያያዝ የሚያገለግል ክር ነው። በስልኩ ላይ ፌስቡክ ያላት ሴት ደግሞ እዚያ ስሟን፣ ፎቶግራፏን፣ ዘመድ አዝማዷን አስቀምጣለች። ስለዚህ ስም አልላክንም የሚለው መከላከያ ቃሉ እውነት ቢሆንም ፍሬው ትንሽ ነው።

ፌስቡክ ብቻውን አልነበረም። በኮሚሽኑ ክስ ውስጥ ጉግል፣ እንዲሁም የመተግበሪያ አጠቃቀምን የሚተነትኑት፣ በኋላ በጉግል እጅ የገባው ፋብሪክ፣ አፕስፍላየርና ፍለሪም ተጠቅሰዋል። ጉዳዩን ይበልጥ አስገራሚ የሚያደርገው ደግሞ ፌስቡክ ለገንቢዎች ባወጣው የውል ቃል ላይ የጤና መረጃ አትላኩልኝ የሚል ክልከላ የነበረ መሆኑ ነው። ክልከላው ተጽፏል፤ ግን በሩ ላይ የቆመ ጠባቂ አልነበረም። ከጋዜጣው ዘገባ በኋላ በወቅቱ የኒውዮርክ ገዥ በነበሩት አንድሩ ኩሞ ትእዛዝ የግዛቷ የፋይናንስ አገልግሎቶች መሥሪያ ቤት ምርመራ አካሂዶ በፌብሩዋሪ 2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ፌስቡክ ይህን ደንብ ለማስከበር ያደረገው ጥረት እጅግ አነስተኛ እንደነበረ ደምድሟል።

በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ቃል

በዚያው ዘመን የፍሎ የግላዊነት ፖሊሲ ምን ይል ነበር? ከ2017 እስከ 2019 በነበሩት ቅጂዎቹ ለውጭ ወገኖች የሚተላለፈው መረጃ ተጠቃሚዋ የመዘገበቻቸውን ዑደቶች፣ እርግዝናን፣ የሕመም ምልክቶችንና ማስታወሻዎችን እንደማይጨምር ቃል ይገባ ነበር። ስለ ፌስቡክም ሲናገር፣ የሚደርሰው መረጃ ማንነትን የማይገልጽ እንደሆነ ያስረዳ ነበር።

ይህን አንብቦ ኩባንያው ሆን ብሎ ዋሸ ማለት ቀላሉ ፍርድ ነው። እኔ ግን ነገሩ ከዚህ ይልቅ የተለመደና በዚያው ልክ አሳሳቢ ይመስለኛል። ፖሊሲውን የሚጽፈው የሕግ ባለሙያ ነው፤ ኮዱን የሚጽፈው ፕሮግራመር ነው፤ የማስታወቂያውን ሰንጠረዥ የሚፈልገው የሽያጭ ክፍል ነው። ጠበቃው ዑደትንና እርግዝናን አናስተላልፍም ብሎ ሲጽፍ በአእምሮው ያለው ዳታቤዙ ነው፤ ኢቨንት የሚባል ነገር መኖሩን የሚነግረው ከሌለ አያውቅም። ፕሮግራመሩም ስያሜውን ሲያወጣ የጤና መረጃ እየጻፈ እንደሆነ አይታየውም፤ እርሱ ስም እያወጣ ነው። በእኛ መሥሪያ ቤቶችም ይህ የታወቀ ነው፤ የቀኝ እጅ ደንቡን ያወጣል፣ የግራ እጅ ሥራውን ይሠራል፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ሰው ግን በመዋቅሩ ላይ አልተመደበም። ይህ በደሉን አያቀልለውም። ለተጠቃሚዋ ቃል የገባላት ድርጅቱ እንጂ ጠበቃው አይደለም።

ዘገባው እንደወጣ ፍሎ መረጃውን ለፌስቡክ መላክ አቆመ። በኮሚሽኑ ክስ መሠረት ከ300 በላይ ተጠቃሚዎች በቁጣ ቅሬታቸውን ለኩባንያው ጽፈዋል።

ቅጣት የሌለው ስምምነት

የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ክሱንና ከኩባንያው ጋር የደረሰበትን ስምምነት ጃንዋሪ 13 ቀን 2021 ይፋ አደረገ፤ ስምምነቱ በዚያው ዓመት ጁን ላይ ጸደቀ። ፍሎ ጥፋተኛነቱን ሳያምን የተወሰኑ ግዴታዎችን ተቀበለ፦ የጤና መረጃ ከማስተላለፉ በፊት ግልጽ ፈቃድ ሊጠይቅ፣ ገለልተኛ ባለሙያ የግላዊነት አሠራሩን እንዲመረምር ሊያደርግ፣ መረጃውን የተቀበሉት ወገኖች እንዲያጠፉት ሊያሳስብ፣ ለተጠቃሚዎቹም የሆነውን ሊያሳውቅ። የገንዘብ ቅጣት አልነበረም።

ለተጠቃሚዎች እንዲላክ የታዘዘው ማስታወቂያ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። ከጁን 30 ቀን 2016 እስከ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2019 ባለው ጊዜ ኩባንያው አንቺን የሚመለከት መለያ ቁጥር ከወር አበባሽና ከእርግዝናሽ መረጃ ጋር ለትንተና ኩባንያዎች ልኳል ይላል፤ ወረድ ብሎም ስምሽን፣ አድራሻሽን፣ የልደት ቀንሽን ለማንም አልሰጠንም ሲል ያጽናናል። አንዲት ተጠቃሚ ይህን በኢሜይሏ አንብባ መለያ ቁጥሩ የስም ምትክ መሆኑን የምትረዳበት መንገድ አልነበረም። ኮሚሽኑ ለማስረዳት አንድ ተጨማሪ ዓረፍተ ነገር ነፍጓል ባይ ነኝ።

ቅጣቱ ለምን ቀረ? አሜሪካ በ1996 ያወጣችው የጤና መረጃ ሕግ፣ ማለትም ሂፓ፣ የሚመለከተው ሐኪምን፣ ሆስፒታልን፣ የጤና መድን ድርጅትንና ለእነርሱ የሚሠሩትን ነው። ለማህፀን ሐኪም የተነገረው የመጨረሻ የወር አበባ ቀን በዚህ ሕግ ይጠበቃል፤ ያው ቀን ከክሊኒኩ በር ሲወጡ ስልክ ላይ ቢመዘገብ ግን ሕጉ አያውቀውም። ኮሚሽኑ በእጁ የነበረው አታላይ የንግድ ድርጊትን የሚከለክለው ጠቅላላ ድንጋጌ ሲሆን፣ በዚህ ድንጋጌ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘን ኩባንያ በገንዘብ መቅጣት አይቻልም። ሮሂት ቾፕራና ሬቤካ ስሎተር የተባሉት ኮሚሽነሮች ግን ሌላ መሣሪያ አለ ሲሉ በጋራ ባወጡት መግለጫ ተከራከሩ፤ የጤና መረጃ ያለፈቃድ ሲወጣ ለባለቤቱ ማሳወቅን የሚያስገድደውና ከ2009 ጀምሮ ተረስቶ የተቀመጠው ደንብ ሊጠቀስ ይገባ ነበር አሉ። በሴፕቴምበር 2021 ኮሚሽኑ ደንቡ የጤና መተግበሪያዎችንም እንደሚመለከት አስታወቀ። በ2023 ጉድአርኤክስ የተባለው የመድኃኒት ቅናሽ አገልግሎት በዚሁ ደንብ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ በዚያው ዓመት ሜይ ወር ፕሪሞም የተባለ ሌላ የእንቁላል መልቀቂያ ቀን መከታተያ 100,000 ዶላር ተቀጣ። በፕሪሞምም መንገዱ ያው ነበር፦ የውጭ የኮድ ጥቅል፣ ጉዳዩን በግልጽ የሚናገር የኢቨንት ስያሜ፣ ከመለያ ቁጥር ጋር።

ጆሮ ጠቢ

የመጨረሻው ምዕራፍ የመጣው ካልታሰበ አቅጣጫ ነው። ተጠቃሚዎች ከ2021 ጀምሮ በሳን ፍራንሲስኮ የፌዴራል ፍርድ ቤት በፍሎ፣ በፌስቡክ እናት ኩባንያ በሜታ፣ በጉግልና በሌሎቹ ላይ የጋራ ክስ መሥርተው ነበር። ከጠቀሷቸው ሕጎች መካከል ሜታን የያዘው ካሊፎርኒያ በ1967 ያወጣችው፣ የስልክ ጠለፋን ለመከላከል የታሰበ ሕግ ነው። ሕጉ የሁሉም ተነጋጋሪዎች ፈቃድ ሳይኖር በምስጢር የሚደረግን ንግግር በመሣሪያ ማዳመጥን ወይም መቅዳትን ይከለክላል። በአማርኛ ለዚህ ከሳሾቹ ያላገኙት ትክክለኛ ቃል አለን፤ ጆሮ ጠቢነት።

መተግበሪያ ይናገራል? ከሳሾቹ የተከራከሩት፣ መተግበሪያው ዓላማሽ ምንድን ነው፣ የወር አበባሽ መቼ መጣ ብሎ ሲጠይቅና ሴትየዋ ስትመልስ፣ ይህ በእርሷና በፍሎ መካከል የተደረገ ንግግር ነው፤ በኪሷ ውስጥ የተቀመጠው የፌስቡክ ኮድ ደግሞ ሦስተኛው አድማጭ ነው በማለት ነበር። ሜታ በበኩሉ እንዲህ ያለ መረጃ እንደማይፈልግ፣ ውሉም እንደሚከለክል፣ የላከው ፍሎ እንጂ እርሱ እንዳልሆነ አስረዳ። ጉዳዩ በዳኛ ጄምስ ዶናቶ ችሎት በጁላይ 2025 ተሰማ። ፍለሪ አስቀድሞ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ወጥቷል፤ ጉግል 48 ሚሊዮን፣ ፍሎ ደግሞ 8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። የፍሎ ስምምነት የተሰማው ችሎቱ ሊያበቃ ሲቃረብ ነው። በተከሳሽ ወንበር ላይ ሜታ ብቻውን ቀረ።

በኦገስት 2025 መጀመሪያ ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች መልሳቸውን ሰጡ። ሜታ ሆን ብሎ ንግግራቸውን አዳምጧል ወይም ቀድቷል? አዎ። ሴቶቹ ማንም አይሰማንም ብለው ማመናቸው ተገቢ ነበር? አዎ። ፈቃዳቸውን ሰጥተዋል? አልሰጡም። ሕጉ ለአንድ ጥሰት 5,000 ዶላር ካሳ የሚያስቀምጥ በመሆኑ፣ ከሳሾቹ በሚሊዮን ሲቆጠሩ ስሌቱ የሚደርስበትን መገመት አያዳግትም። ሜታ ውሳኔውን እንደማይቀበለው ገልጿል።

በእኔ አስተያየት ውሳኔው ያመጣው ትልቁ ለውጥ የገንዘቡ አይደለም። እስከዚያ ድረስ ተቀባዩ ኩባንያ የሚሰጠው መልስ ውሌን የጣሰው ላኪው ነው የሚል ነበር። ፈራጆቹ ያሉት፣ መሣሪያውን ሠርቶ በሰው ቤት ያስቀመጠ ወገን በመሣሪያው በኩል ለሚሰማው ራሱ ይጠየቃል ነው።

ስም የሌለው መዝገብ

ጁን 24 ቀን 2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጽንስ የማቋረጥ መብትን በፌዴራል ደረጃ ያስጠበቀውን የ1973ቱን ውሳኔ ሲሽር፣ ያው መዝገብ ድንገት ሌላ መልክ ያዘ። እስከዚያ ቀን ስጋቱ ማስታወቂያ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዐቃቤ ሕግ ሆነ። ብዙ ሴቶች መከታተያቸውን ከስልካቸው እንዲያጠፉ ተመከሩ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያው ዓመት በነብራስካ በታወቀው የጽንስ ማቋረጥ ክስ ፖሊስ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ያገኘው የወር አበባ መዝገብ ሳይሆን እናትና ልጅ በፌስቡክ የተላላኩትን መልእክት ነው። መከታተያውን አጥፍቶ ጉዳዩን በመልእክት ማውራት ጓዳውን ዘግቶ መስኮቱን እንደመክፈት ነው።

ፍሎ በሴፕቴምበር 2022 ማንነት የማይገለጽበት የአጠቃቀም ዘዴ አወጣ። ተጠቃሚዋ ያለስም፣ ያለኢሜይል ትመዘገባለች። የመልእክቱ አካሄድም ተለወጠ፤ ከስልኩ የሚወጣው መረጃ መጀመሪያ ክላውድፍሌር በሚባለው ኩባንያ በኩል ያልፋል። መሃል ያለው አስተላላፊ መልእክቱ ከየትኛው አድራሻ እንደመጣ ያያል እንጂ ውስጡን ማንበብ አይችልም፤ ፍሎ ውስጡን ያነባል እንጂ ከየት እንደመጣ አያይም። ፍርድ ቤት የእገሊትን መዝገብ አምጡ ቢል፣ እገሊት የምትባል በመዝገቡ ላይ የለችም። ዋጋውም አለ፤ ስልኳ የጠፋባት ሴት የዓመታት መዝገቧን መልሳ ማግኘት አትችልም፣ የራሷ መሆኑን የምታሳይበት ነገር የለምና። ይህ ዋጋ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ምርጫው ግን የእርሷ ነው።

ከዚህ የጠነከረው መንገድ መረጃውን ከስልኩ ጨርሶ አለማስወጣት ነው። ድሪፕና ዩኪ የሚባሉት መከታተያዎች መዝገቡን እዚያው ስልክ ላይ ብቻ ያስቀምጣሉ። ኩባንያው የሌለውን አይሸጥም፣ አይዘረፍም፣ ለፖሊስም አይሰጥም።

በሕግ በኩል የዋሽንግተን ግዛት በ2023 ያወጣችው የጤና መረጃ ሕግ ሂፓ የተወውን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ሲሆን፣ የተጎዳው ሰው ራሱ እንዲከስ ይፈቅዳል። ሲያትልና አካባቢዋ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን የዚህ መብት ባለቤቶች ናቸው።

ባልየው በስልኩ

የፍሎ ጉዳይ ትኩረታችንን ወደ ትላልቆቹ ኩባንያዎች ስለሚስብ፣ ቅርብ ያለውን ሰው እንዳንረሳ አንድ ተጓዳኝ ጉዳይ ልጥቀስ። ግሎ በተባለው ሌላ የመራባት መከታተያ ላይ በ2016 ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት ያገኘው ጉድለት እንዲህ ነበር፦ መተግበሪያው ባልና ሚስት መዝገባቸውን እንዲያገናኙ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የሴትየዋን ኢሜይል ያወቀ ሰው ሁሉ አጋሯ ነኝ ብሎ ሲጠይቅ፣ እርሷ እሺ ሳትል ግንኙነቱ ይፈጸምና መረጃዋን ማየት ይችል ነበር። የቀድሞ ባል፣ ቅናተኛ ፍቅረኛ፣ የሥራ አለቃ፤ ኢሜይሏ የሌለው ማን አለ? ካሊፎርኒያ በሴፕቴምበር 2020 ከኩባንያው ጋር በ250,000 ዶላር ስምምነት ስትደርስ፣ የግላዊነት ጉድለት ሴቶችን በተለየ ሁኔታ እንዴት እንደሚጎዳ አስቀድሞ እንዲያጠና አስገድዳዋለች። አንድ ስልክ በቤተሰብ በሚዞርባቸው፣ የስልኩ መክፈቻ ቁጥር ለባልና ለወንድም በሚታወቅባቸው ቤቶች ከፌስቡክ ይልቅ ይህኛው አደጋ ይቀርባል። መተግበሪያው ለብቻው የሚቆለፍበት ቁጥር፣ በተቆለፈ ስልክ ፊት ላይ «የወር አበባሽ ነገ ይመጣል» የማይል ማስታወሻ፤ እነዚህ ርካሽ ናቸው፤ ስለማይታሰቡ ብቻ ይቀራሉ።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። አዋጁ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል አስቀምጦታል፤ የተቆጣጣሪነቱም ሥልጣን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። አዲስ አበባ ላይ በአማርኛ የወር አበባ መከታተያ የሚሠራ ወጣት ቡድን ከፌስቡክና ከጉግል የሚወስደው የትንተና ጥቅል ፍሎ ይወስደው ከነበረው ጋር ወገኑ አንድ ነው፤ የስያሜ አወጣጡም ልማድ እንደዚያው ነው። ስያሜውን ደብቆ «ገጽ 14» ማለት አንድ እርምጃ ይሆናል፤ በቂ ግን አይደለም፣ ምክንያቱም ገጽ 14ን የነኩት ሁሉ ከወራት በኋላ የሕፃን ልብስ መፈለግ ሲጀምሩ የማስታወቂያው ስሌት ራሱ ትርጉሙን ይደርስበታል። የጤና ጥያቄ በሚቀርብባቸው ገጾች ላይ የውጭ ጥቅል ጨርሶ አለመኖሩ ይሻላል።

መኖር አለመኖሩን ማጣራት ደግሞ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ስልኩ በኮምፒውተር በኩል ወደ ኢንተርኔት እንዲወጣ ይደረጋል፤ አንዱ ባልደረባ እንደማንኛዋም ተጠቃሚ የመጨረሻው የወር አበባሽ መቼ ነበር ለሚለው ይመልሳል፣ እርጉዝ ነኝ ይላል፣ መዝገቡን ያጠፋል፤ ሌላው የሚወጣውን መልእክት፣ የሚሄድበትን አድራሻና ስያሜውን በወረቀት ይጽፋል። ከዚያ ወረቀቱና የግላዊነት ፖሊሲው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ፖሊሲውን የጻፈው ጠበቃም ይጠራና ሁለቱንም በተራ በተራ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ይደረጋል።